የቦንቱ ዲግሪና የአባቷ ሽንኩርት

ቦንቱ ያደገችው ዓለም ጤና፣ ሽንኩርት አምራች ቤት ነው፤ ማሳ ግን ረግጣ አታውቅም ቢባል ውሸት አይሆንም። መኮትኮቻ ባነሳች ቁጥር አባቷ ኦቦ ጉደታ ከእጇ ይቀሟታል። ያንቺ እጅ እስክሪብቶ ነው የሚይዘው ይሏታል። ወንድሞቿ ቦይ ሲቆፍሩ እሷ ቤት ተቀምጣ ታጠናለች። «የተማረ ይግደለኝ» የሰውዬው አፍ ማሟሻ ነበር።

ተማረች። ዩኒቨርሲቲ ገብታ የደረሳት ዕፅዋት ሳይንስ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ሃንድአውት ሸመደደች። ለተግባር ትምህርት ማሳ የወጡት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱንም አውቶቡሱ ዘግይቶ ስለደረሰ አቴንዳንስ ፈርመው፣ ፎቶ ተነስተው ተመለሱ። በሽንኩርት በሽታ ጥያቄ ግን ሙሉ ነጥብ አግኝታለች። እንዲህ ያለውን ትምህርት ምን ይሉታል?

ሁለት ዓመት አዳማ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆማ፣ ሁሉም የሥራ ልምድ አምጪ ሲላት፣ ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች።

በተመለሰች በሳምንቷ የሽንኩርቱ ቅጠል ከጫፉ ይደርቅ ጀመር። ኦቦ ጉደታ በሽታ ጠርጥረው ውሃውን ሊዘጉ አስበው ነበር። ግን ምሁር ቤታቸው ተቀምጣ እንዴት በራሳቸው ይወስኑ? ጎረቤት ሰብስበው ማሳው ዳር አቆሟት። ቦንቱ ቅጠሉን ያዘችው። ስለ ሽንኩርት በሽታዎች ያነበበችው ትዝ ይላታል፣ ገጹ ሳይቀር ይታያታል፤ እጇ ላይ ያለውን ቅጠል የያዘው የትኛው እንደሆነ ግን አላወቀችም። አባቷ በሰው ፊት እንደዚያ ቀና ብለው ቆመው አይታ አታውቅም። አላውቅም ማለት ሞት መሰላት።

«ውሃ ጠምቶት ነው» አለች።

ኦቦ ጉደታ ቦዩን ከፈቱ። ቀን በቀን አጠጡ። ምርቱ ሲደርስ ሊገዛ ከመቂ የመጣው ደላላ አንዱን ሽንኩርት ነቅሎ ጨመቅ ሲያደርገው በስብሶ በጣቶቹ መሃል ወረደ። ሌላም ነቀለ፣ ያው ነው። የጭነት መኪናውን ባዶውን አዙሮ ሄደ።

ቢቆጧት በወደደች። አባቷ ግን ለጎረቤቱ ውሃ ያበዛሁት እኔ ነኝ አሉ። አንጀቷን የቆረጠው ይኼ ነው።

በቀጣዩ ዘር ቅጠሉ እንደገና ነጠብጣብ አወጣ። ኦቦ ጉደታ ቅጠሉን ይዘው፣ በሯ ላይ የተቀመጠችውን ልጃቸውን አልፈው፣ ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል ወዳቋረጠው የሰብል መድኃኒት ሻጭ ወደ ጂብሪል ሄዱ። ጂብሪል አንዴ አይቶ በሽታውን ለየላቸው። ሲመለሱ የመድኃኒቱን ጠርሙስ ለቦንቱ ዘረጉላት። ሊያማክሯት መስሏት በሁለት እጇ ተቀበለች።

«በእንግሊዝኛ ነው» አሏት ለስለስ ብለው። «ስንት ቆርኪ እንደሚል ብቻ አንብቢልኝ። ሌላውን ጂብሪል ነግሮኛል።»

አነበበችላቸው። መርጫውን አንስተው ሲወጡ ልትከተላቸው ተነሳች።

«ተይ ቦንቱዬ፣ እጅሽ ይበላሻል» አሏት። «ቁጭ በይ።»

ቁጭ አለች።