የቢ ካዚጃ ጉድጓድ ሽታ

ቢ ካዚጃ እግሮቿን ዘርግታ አሸዋው ላይ ተቀምጣ የኮኮናት ልጣጭ ትቀጠቅጣለች። በቀኝ እጇ አጭር ዱላ ይዛለች፤ ግራ እጇ በየምቱ መሃል ልጣጩን ያገላብጣል። ዱላው ሲወርድ ጣቶቿ ቀድመው ይሸሻሉ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲሸሹ ኖረዋል። ገለባው ረግፎ ቃጫው ብቻ ሲቀር በሁለት መዳፏ መሃል ታሸዋለች፤ ገመዱም በጉልበቷ ላይ እየረዘመ ይወርዳል። ጀልባ የሚያስር ዓሣ አጥማጅ፣ አልጋ የሚወጥር አናጢ፣ ሁሉም እሷ ዘንድ ይመጣ ነበር።

ልጣጩ እንዲህ እንዲታዘዝላት ግን ስምንት ወር ይፈልጋል። በኪዊንጊ፣ በዛንዚባር ምሥራቅ ዳርቻ፣ ባሕሩ ሲሞላ በሚሸፍነውና ሲሸሽ በሚገልጠው አሸዋ ላይ እያንዳንዷ ገመድ ሠሪ የራሷ ጉድጓድ ነበራት። ልጣጩን እዚያ ትቀብረዋለች፣ ድንጋይ ትጭንበታለች፣ ከዚያ መጠበቅ ነው። የቢ ካዚጃ ጉድጓድ የእናቷ ነበር፤ ከእናቷ በፊት የአያቷ። የይዞታ ወረቀት አልነበረውም። ዙሪያውን የኮራል ድንጋይ ተደርድሮበት ነበር፤ ያንን የሚነካ ሰው በመንደሩ አልነበረም።

ሴቶቹ ጉድጓዳቸውን የሚከታተሉት በአፍንጫቸው ነው። ልጣጩ ሲበስል ይገማል። አብዝቶ የገማ ጉድጓድ ጥሩ ገመድ ይሰጣል ይላሉ፣ በዚያም ይፎካከራሉ። ከባሕር ስትመለስ ልብሷ የማይሸት ምራት በአማቷ ዘንድ ሰነፍ ናት።

ከጉድጓዶቹ በላይ ዳርቻው ላይ የተሠራው ሆቴል ሁለተኛውን ሕንፃ በጨመረ ዓመት የቢ ካዚጃ ጉድጓድ ታይቶ በማይታወቅ ሁኔታ ገማ። ደስታዋን አልቻለችውም።

«እስቲ አሽትቺማ!» አለቻት ጎረቤቷን ሱቢራን። «የእናቴ እንኳ እንዲህ ሸትቶ አያውቅም!»

ሱቢራ የተከናነበችውን ካንጋ ጨርቅ ስባ አፍንጫዋን ሸፈነች። «ቢ ካዚጃ፣ ይሄ የልጣጭ ግማት አይደለም። የልጣጭ ግማት ሆድ አያገላብጥም።»

«አንቺን ሆድሽን ያገላበጠሽ ቅናት ነው። ያንቺ ጉድጓድ እኮ ሽቶ የተረጨበት ነው የሚመስለው፤ ሙሽራ ልታስተኚበት ነው?»

«ቆይ ብቻ። ገመድሽን እናየዋለን።»

«ታዪዋለሽ! መርከብ ታስሪበታለሽ!»

ሌላም ምልክት ነበረ። ድንጋዮቹ አረንጓዴ ልጋግ ለብሰው እግር ያንሸራትቱ ጀመር። ኦክቶፐስ የሚያድርባቸው ቀዳዳዎች ባዶ ሆኑ። ውሃ ውስጥ የዋለች ሴት ማታ ቅልጥሟን ስታክክ ታመሻለች። ቢ ካዚጃ ይህን ሁሉ አይታለች፤ ሙቀቱ ነው ብላ አለፈችው። በእናቷ ጉድጓድ ላይ ክፉ ነገር ማሰብ አልሆነላትም።

የሆቴሉ እንግዶች ግን ቅሬታ አበዙ። ሥራ አስኪያጁ፣ አንድ ነጭ ሰውዬ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ መንደሩ መጣ። ሼሃው፣ የመንደሩ ሹም፣ ሕዝቡን ሰበሰበ። የሚያስተረጉመው የቢ ካዚጃ የእህቷ ልጅ ቩአይ ነበር፤ የሆቴሉን የደንብ ልብስ ለብሷል።

«አክስቴ፣ እንግዶቹ ከሽታው የተነሳ ምሳ አልበላ አላቸው። ሽታው ከየት ነው የሚመጣው ይላል።»

ሱቢራ በክርኗ ጎሸመቻት። «ዝም በይ» አለች በሹክሹክታ።

ቢ ካዚጃ ዝም አላለችም። ሹሙ፣ ነጩ ሰውዬ፣ መንደሩ ሁሉ ቁጭ ብሎ ስለ እሷ ጉድጓድ ሲነጋገር በሕይወቷ የመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ብድግ አለች።

«ከእኔ ጉድጓድ ነዋ! ከማን ሊሆን ኖሯል? በዚህ ዳርቻ እንደኔ ጉድጓድ የሚሸት የለም። ሥራ ነው ይሄ፣ ነውር አይደለም በለው!»

ሴቶቹ ሳቁ። አንዷ እልል አለች። ሥራ አስኪያጁ አልሳቀም፤ ለቩአይ አንድ ነገር አለው፣ ቩአይም ያለችውን ቃል በቃል ጻፈ። ቢ ካዚጃ አውራ ጣቷን ቀለም አስነክታ ወረቀቱ ላይ አሳረፈች፤ የምስጋና ወረቀት ነበር የመሰላት።

በሳምንቱ ትእዛዝ መጣ። ከሆቴሉ ፊት ለፊት ያሉት አሥራ አምስቱም ጉድጓዶች በአሥር ቀን ውስጥ እንዲደፈኑ። ምክንያቱም ተጽፏል፤ ከባለቤቶቹ አንዷ ራሷ አምናለች ይላል።

ቢ ካዚጃ ልጣጬን እንኳ ላትርፍ ብላ ጠዋት ባሕሩ ሲሸሽ ወረደች። ድንጋዩን አነሳች፣ አሸዋውን ዛቀች። የበሰለ ልጣጭ ቡናማ ነው፤ ሲጎትቱት አይበጠስም። ይሄ ግን ግራጫ ሆኖ ወጣ፣ በመዳፏም ውስጥ እንደተቀቀለ ዱባ ፈረሰ። ሌላውን ሞከረች፣ እሱም ፈረሰ። በመሃሉ የረጠበ የመጸዳጃ ወረቀት ተጠቅልሎ ተጣብቋል። ወደ ሆቴሉ አቅጣጫ በእጇ ቆፈረች። ክንድ የሚያህል ቱቦ አገኘች፤ መገጣጠሚያው ላይ ተላቅቋል። እያየችው ለብ ያለ ውሃ ከነሳሙና አረፋው እጇ ላይ ፈሰሰ። እንግዶቹ ገላቸውን የሚታጠቡበት ሰዓት ነበር።

«ሱቢራ! ኧረ ሱቢራ ነይ!»

ሱቢራ መጥታ ቁልቁል አየች። ቢ ካዚጃ ትስቅብኛለች ብላ አንገቷን ደፍታ ጠበቀች። ሱቢራ ግን አልሳቀችም።

«አስተግፊሩላህ» አለች ቀስ ብላ። «ስምንት ወር ሙሉ የሰው ሽንት ቤት ነው ስታሞግሺልኝ የከረምሽው።»

ቢ ካዚጃ እጇን ሳትታጠብ ሼሃው ደጅ ደረሰች።

«ሼሃ፣ ቃሌን መልስልኝ።»

«የትኛውን ቃል?»

«ሽታው የኔ ነው ያልኩትን። የኔ አይደለም፣ የነሱ ነው። ተነስ ቱቦውን ላሳይህ።»

«ቢ ካዚጃ፣ አገር በተሰበሰበበት ነው የተናገርሽው። እልልም ተብሎልሻል። አሁን እኮ ወረቀቱ ከተማ ገብቷል።»

«ወረቀቱ ከተማ ቢገባ አንተ እግር የለህም? እዚህ ነው እኮ!»

ሼሃው ወደ ዳርቻው አየ። «ባሕሩ እየሞላ ነው» አለ። እውነቱን ነበር። በማግስቱም ባሕሩ ሸሸ፣ በሦስተኛውም ቀን ሸሸ፤ እሱ ግን አልወረደም። ቩአይን ሆቴሉ በር ላይ ጠብቃ አገኘችው። «አክስቴ፣ እኔ ያልሽውን ነው የጻፍኩት» አላት፣ ዓይኗን ሳያይ። ይሄ ነው ያንገበገባት። አልዋሸባትም።

በአሥረኛው ቀን መኪና መጥቶ ጉድጓዶቹን ደፈነ። የኮራል ድንጋዮቹን ጭኖ ወስዶ በሆቴሉ የአበባ መደብ ዙሪያ ደረደራቸው። ከሌሎቹ አሥራ አራት ሴቶች አንዳንዶቹ ዛሬ ለእንግዶች ጸጉር ይሠራሉ፣ አንዳንዶቹ የሆቴሉን አንሶላ ያጥባሉ። ገመድ ከከተማ ይመጣል፣ ፕላስቲክ ነው። የውሃ ወረፋ ላይ ለቢ ካዚጃ ሰላምታ የምትመልስላት ሱቢራ ብቻ ናት። የሌሎቹን ጉድጓድ ያስደፈነው የእሷ አፍ ነውና ሴቶቹን መውቀስ አይቻልም፤ እሷም አትወቅሳቸውም። አሁን የምትቀጠቅጠው ልጣጭ ከሩቅ መንደር በልመና ያገኘችው ነው፣ ሲያልቅ ሌላ የለም። ሽታው እንዳለ ነው። ክፍሎቹ በሞሉ ቁጥር ይብሳል፤ ሆቴሉ አሁን ደግሞ የሚሸተው የባሕር ሣር ነው እያለ ነው።

ይህ ታሪኳ በፊደል እንዲቀመጥ ስትፈቅድ ለሚያነበው ሰው አንድ መልእክት ጨምራለች፤ እንዳለችው ይኸው፦

«እንደዚያ ባለ ሆቴል የምታድር ከሆነ፣ ገላህን የታጠብክበት ውሃ ወዴት እንደሚሄድ ጠይቅልኝ። እናጣራዋለን ካሉህ የሚጣራበትን አሳዩኝ በል፣ ካላሳዩህም ባሕሩ ሲሸሽ ወርደህ እይ። እኔ አንዴ አፌን ከፍቼ ተናግሬያለሁ፣ ከእንግዲህ የሚሰማኝ የለም። አንተን ይሰሙሃል፤ ልጄ፣ እባክህ ጠይቅልኝ።»