በአራት ግድግዳ መሀል ያለቀሰችው

አዋላጇን ቤቶክን ሰው ሁሉ "እብድ" ይላታል። ያበዱስ እነሱ! ከልጇ ከሙሪየል ጋር የግንቡን ልብስ ሳጥብ የኖርኩት እኔ ነኝ፤ ከኔ ስሙ።

ጌታችን ፈርከር የራሱ የሚባል መሬት አልነበረውም። ሸለቆው፣ ወፍጮው፣ ግንቡ ሁሉ የሚስቱ የእመቤት ኢሴንዳ ውርስ ነው። በኛ በስኮትላንድ ደግሞ ሕጉ የታወቀ ነው፤ ሚስት ስትሞት ባል መሬቷን ዕድሜውን ሙሉ የሚይዘው፣ የወለደችለት ልጅ በአራት ግድግዳ መሀል ሲያለቅስ ከተሰማ ብቻ ነው። ካልተሰማ የኢሴንዳ መሬት ለአጎቷ ይሄድና ፈርከር ጓዙን ጠቅልሎ ይወጣል።

እመቤቲቱ ምጥ ሲጠናባት የአጎቷ ሰዎች መጥተው በር ላይ ጆሯቸውን አቁመው ጠበቁ። ሕፃኗ ሞታ ተወለደች። እናቲቱም ደሟ አልቆም አለ። ፈርከር ቤቶክን ወደ ጥግ ሳባት።

"ልጅሽ ሰሞኑን ሴት ወልዳ የለ?"

"አዎ፣ ጌታዬ።"

"በጓሮ በር አምጫትና አስለቅሻት። አንዴ ብቻ! ከዚያ ትወስጃታለሽ።"

"ኧረ ስለ ፈጣሪ፣ ጌታዬ..."

"እምቢ ካልሽ አንቺም እሷም ነገ ጎጆ የላችሁም። በረዶ ላይ ታሳድጓታላችሁ!"

ምን ታድርግ? ሙሪየል እንቅልፍ ጥሏት ሳለ ሕፃኗን ከጉያዋ አውጥታ በካባዋ ሸፍና በጓሮ በር ወደ ኢሴንዳ ክፍል አስገባቻት። ጭኗን ቆነጠጠቻት። ሕፃኗ ለቅሶዋን አቀለጠችው፣ በር ላይ ያሉትም ሰሙ።

ግን ኢሴንዳም ሰማች። "ልጄን ስጡኝ" ብላ እጇን ዘረጋች። ፈርከር "አውጫት!" ብሎ አፈጠጠ። ቤቶክ አንጀቷ አልቻለም፤ ሕፃኗን ደረቷ ላይ አስተኛችላት። ሴትየዋ እየሳመቻት ሞተች። የአጎቷ ሰዎች በሩን ገፍተው ሲገቡ ያዩት ያንን ነው። ፈርከር ወዲያው ሕፃኗን አንስቶ ታቀፈ፤ "ልጄ ማርዮታ ትባላለች" አላቸው። ሰዎቹ ሲወጡ ሞታ የተወለደችውን ሕፃን ቤቶክን አስታቀፋት።

ሙሪየል ስትነቃ አጠገቧ ያገኘችው ሬሳ ነው። እናት ልጇን አታውቅም እንዴ? "ይቺ የኔ አይደለችም!" ብላ ስትጮህ ቤቶክ አፏን አፈነቻት። "ዝም በይ፣ ይሰቅሉናል!" ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙሪየል እናቷን ማናገር ተወች። ቤቶክ ግን ለኔ "ፈርከር ይሙት ብቻ፣ እናትሽ ይቻት ብዬ ለልጅቷ እነግራታለሁ" ትለኝ ነበር። የምትኖረው ለዚያች ቀን ነበር።

ማርዮታ አደገች፤ ምላሷ መርዝ፣ እጇ ፈጣን። አንድ ቀን እጅጌዋ ላይ እድፍ አየችና ሙሪየልን በጥፊ አጮለቻት። "አንቺ ግማታም፣ እጅሽ ይቆረጥ!" እኔ ደሜ ፈላ። ሙሪየል ግን ጉንጯን ይዛ ቀስ ብላ "ነካችኝ እኮ" አለችኝ። በዚያች ቀን ልቤ ተሰበረ።

ፈርከር ሰክሮ ከፈረስ ወድቆ ሞተ። እሰይ! በዚያው ሰሞን ማርዮታን ምጥ ያዛት፤ ቤቶክም ተጠራች። አሁን ደግሞ ባልዋ ጊልበርት ነው ምስክሮቹን ይዞ በር ላይ የቆመው። ልጁ አለቀሰ። "አለቀሰ! መሬቱ የኔ ነው!" ብሎ ሰዎቹን ይዞ ሊጠጣ ወረደ። ሚስቱ ምን ሆነች ያለ የለም።

ማርዮታ እንደ ኢሴንዳ ደሟ ይፈስ ነበር። ቤቶክ ጎንበስ ብላ፣ "ልጄ፣ እናትሽ አልሞተችም። ታች ልብስ እያጠበች ነው፤ ልጥራልሽ?" አለቻት።

ማርዮታ ዓይኗን ገልጣ አየቻት። "አጣቢዋ? ይቺን እብድ አሮጊት አውጡልኝ!" አለች። ይህ የመጨረሻ ቃሏ ሆነ።

ቤቶክን እየገፈተሩ ደረጃውን አወረዷት። እኛ ገንዳው ላይ ነበርን። ሙሪየል ከስንት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እናቷን ቀና ብላ አየችና፣ "አለቀሰ?" አለቻት።

"አለቀሰ።"

"እሷስ?"

ቤቶክ በደም የተነከረ እጇን ገንዳው ውስጥ ከተተች። ትንሽ ቆይተው በደም የራሰውን አንሶላ አወረዱልን። ልቀበል እጄን ብዘረጋ ሙሪየል ነጠቀችኝ፤ ለብቻዋ አጠበችው።