አማች የመረጠው አምፕሊፋየር

ሰፈሩ «እሾህ» ይለዋል፤ ደግሞ ስሙን አልበደለውም። ሠላሳ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ተሳፋሪው «ወራጅ አለ» ለማለት እንኳ እየፈራ ስንቱ ከሰፈሩ አልፎ ወርዷል!

ጡረታ ከወጣ በኋላ የቀረችው ደስታ አንዲት ነበረች፤ የሸክላ ማጫወቻውና ሁለቱ ስፒከሮቹ። የስፒከሮቹን ሳጥን የሠራችው ሟች ሚስቱ ናት። አናጢ ነበረች፤ ጣውላውን ራሷ ልጋ፣ ራሷ ቀብታ፣ አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ሳሎን ደርድራ ጠበቀችው። ውስጣቸው ያለው ዕቃ አሮጌ ነው፤ ዛሬ በመብራት ቢፈለግ አይገኝም። እሷ ከሞተች ወዲህ ጠዋት ጠዋት አንድ ሸክላ ካላዳመጠ ቀኑ ቀን አይሆንለትም። ታዲያ አንድ ቀን ድምፁን ለስፒከሮቹ የሚያጎላው አምፕሊፋየር ጭስ አወጣና ሞተ።

«አባዬ፣ ባለቤቴን ጠይቀው እንጂ፤ ሥራው አይደል?» አለችው ልጁ።

ይኸው መጣ ጣጣው! አማቹ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ውስጥ ሻጭ ነው። ልጅቱን ያገባት አባት ሳያውቅ ነው፤ ተፈራርመው መጥተው «ተጋባን» አሉት። የልጅቱ እናት ሁሉን እያወቀች ለባሏ ትንፍሽ አላለችም። ከዚያን ቀን ወዲህ አማችየው እሾህ ጥርስ ውስጥ ገባ፤ ቢስቅ ጥፋት፣ ዝም ቢል ጥፋት።

አማቹ መጣና ስፒከሮቹን አየ። «አባባ፣ ለእነዚህ ትንሹ አምፕሊፋየር ይበቃል። አሮጌ ስለሆኑ ጉልበት አይችሉም። ደግሞ ትንሹ የሸክላ መሰኪያ አለው፤ ትልቁ የለውም። የሸክላ መርፌ ድምፁ ደካማ ነው፣ ለብቻው የሚያጎላለት ይፈልጋል።»

«ትንሽ ለትንሽ ሰው ነው» አለው እሾህ። በማግስቱ ሌላ ሱቅ ሄዶ ካለው ሁሉ ትልቁን፣ ሬዲዮም ያለበትን፣ ተሸክሞ መጣ። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባል የለ!

ማጫወቻውን ባገኘው ቀዳዳ ሰካ። ዘፋኟ ጉድጓድ ውስጥ የገባች ይመስል ድምፁ ቅጥን አለ። ቮልዩሙን ጨመረ። አሁንም ጨመረ። እስከ ጥግ ቢያዞረውም ያው ነው። ልጁ ጋ ደወለና «ሻጭ ሁሉ ሌባ! ያንቺም ባል ያው ነው!» ብሎ ጆሮዋ ላይ ዘጋው። ምስኪኗ ምን ታድርግ፣ ባሏን ላከችው።

አማቹ ካርቶን አቅፎ ገባና በሩ ሥር አስቀመጠው። ወደ አምፕሊፋየሩ ሲያይ ደነገጠ። «አባባ! ከሸክላ ወደ ሬዲዮ የሚቀይረውን መምረጫ እንዳይነኩት! ቮልዩሙ ሞልቷል፣ መጀመሪያ ይቀንሱት!»

«እንዳይነኩት?» ደሙ ፈላ። «በገዛ ቤቴ? ልጄን የሰረቅከኝ አንሶህ ንካ አትንካ ልትለኝ?» እጁን ሰደደና መምረጫውን ወደ ሬዲዮው ቀጭ አደረገው።

ዜና አንባቢው ጣራ የሚያፈርስ ጩኸት ጮኸ። ወዲያው ጨርቅ ሲቀደድ እንደሚሰማው ያለ ድምፅ መጣ፤ ከዚያ ሁለቱም ስፒከሮች ጸጥ። ክፍሉ የተቃጠለ ነገር ሸተተ።

«አየህ ያደረግከውን?» ሊለው ዞረ። አማቹ ተንበርክኮ፣ የአንዱን ስፒከር የፊት ጨርቅ ገልጦ፣ የተቀደደውን የድምፅ ማውጫ ወረቀት እየዳሰሰ ያለቅሳል።

«አንተን ደግሞ ምን ያስለቅስሃል?»

«እርስዎ ሥራ ላይ እያሉ እማማ ስትሠራቸው ጣውላውን የያዝኩላት እኔ ነኝ። እንዳልነግርዎ አስምላኛለች።» በእጅጌው ፊቱን ጠረገ። «እናት አላውቅም፣ አባባ። ‹ልጄ› ብላ የጠራችኝ እሷ ብቻ ናት።»

እሾህ የሆነ ቃል ፈለገ። አፉ ላይ የመጣለት ግን የለመደው ነው። «ውጣልኝ!» አለ።

ወጣለት። ካርቶኑን ግን አልወሰደውም።

እሾህ ብዙ ቆይቶ ከፈተው። ትንሹ አምፕሊፋየር ነው። ከኋላው፣ የሸክላ መሰኪያው አጠገብ፣ ብጣሽ ወረቀት ተለጥፎበታል፤ «አባባ፣ እዚህ» ይላል። እንደተባለው እዚያው ሰካው። የስፒከሮቹን ሽቦ አሰረ፣ ሸክላውን አስቀመጠ፣ መርፌውን አወረደ። የአምፕሊፋየሩ መብራት በራ። ሸክላው ይዞራል፤ ስፒከሮቹ ጭጭ።

ስልኩን አነሳ። ስሞቹን ከላይ እስከ ታች ፈለገ፤ የአማቹን ቁጥር አንድም ቀን መዝግቦት አያውቅም።