ኮላው እስኪረጋ

ልጅ ሳለሁ በእኛ ቤት ተረት የሚጀመረው ኮላ ሲሞቅ ነበር። የጎረቤት ልጆች ራታቸውን በልተው፣ እግራቸውን ታጥበው ተረት ይነገራቸዋል፤ እኔ ግን መጀመሪያ እጄን በሳሙና መታጠብ፣ ከአሮጌ የብስክሌት ካላማዳሪያ የተቆረጡትን የጎማ ጥብጣቦች መደርደር፣ ከዚያም ከአያቴ ጎን ባለችው ዱካ ላይ ቀጥ ብዬ መቀመጥ ነበረብኝ። ተረት እንዲሁ በነፃ የሚገኝ ነገር መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

አያቴ የእናቴ አባት ናቸው። ከጨንቻ ደጋ፣ ከሸማኔ ቤተሰብ ወርደው አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር የገቡ፣ ዘመዱ ሁሉ ከመወርወሪያ ጋር ሲውል እሳቸው ከመላጊያ ጋር የዋሉ አናጢ ነበሩ። በርና አልጋ ሲሠሩ ኖረው አንድ ቀን አንድ ጎረምሳ አንገቱ የተሰበረ ጊታር በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አመጣላቸው። ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩትና «ይሄማ አልጋ ነው፣ ትንሽ ነው እንጂ» ብለው ተቀበሉት ይባላል። ከዚያ ወዲህ የከተማው ሕመምተኛ ጊታር ሁሉ ወደ ግቢያችን ይመጣ ጀመር፤ ከሽፈራው ዛፋችን ሥር በነበረችው የቆርቆሮ ክፍል ግድግዳ ላይ ክር የሌለው ጊታር ተሰቅሎ የማይታይበት ጊዜ አልነበረም።

ከሥራው ሁሉ የሚያስጨንቃቸው ጠርዝ ማልበስ ነበር። የጊታር አንገት ላይ ጣት የሚረግጠው ጠንካራ ጣውላ አለ፤ በወርዱ ቀጫጭን ቦዮች ይቀደዱበትና በኋላ ፍሬት የሚባሉ ቀጫጭን ብረቶች ይተከሉበታል። የቦዮቹ ጫፍ አፉን ከፍቶ እንዳይታይ፣ የተጫዋቹንም እጅ እንዳይቧጭር በግራና በቀኝ ከሎሚ እንጨት የተላገ ቀጭን ነጭ ጠርዝ ይለጠፍበታል። ሲያዩት ምንም አይደለም። ችግሩ ኮላው ነው። ካነሰ ጠርዙ በአርባ ምንጭ ሙቀት ብዙም ሳይቆይ ይላቀቃል፤ ከበዛ ደግሞ ተጨንቆ ይወጣና ቦዮቹ ውስጥ ገብቶ ይደርቃል፣ ያኔ ፍሬቱ አልቀመጥ ይላል። ገና እርጥብ ሳለ ቢጠርጉት ይባስ ይዛመታል፤ ድንጋይ እስኪሆን ቢተዉት ሲነሣ እንጨቱን ይዞ ይነሣል። በመሃል ግን አንዲት ጊዜ አለች። በዚያች ጊዜ በመሮ ጫፍ ሲነኩት እንደ ወተት ስልባቦት ተገፎ ይመጣል።

አያቴ ኮላቸውን ራሳቸው ያሞቁ ነበር። በጠርሙስ የሚሸጠውን ነጩን ኮላ «የሕፃን ወተት» ይሉታል። የእሳቸው ከከብት ቆዳ የሚሠራው የድሮው ዓይነት ነው፤ ደረቁን ስባሪ ጠዋት ውሃ ውስጥ ይዘፈዝፉትና ወደ ማታ በጣሳ አድርገው፣ ጣሳውን ውሃ በያዘ ድስት ውስጥ አቁመው ከሰል ላይ ይጥዱታል። ሽታው ከግቢ አልፎ መንገድ ይወጣል። እናቴ አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ «ዛሬ ደግሞ የማን በሬ ሞተ?» ትላለች፤ አያቴም ዞር ሳይሉ «ይሄ ኮላ ይቅርታ ያውቃል። ከተሳሳትሽ ነገ በሙቅ ውሃ ይለቅሻል። ወተቱ ግን ቂመኛ ነው» ይሏታል። ለሰው ብናገር አያምነኝም እንጂ ያ ሽታ ዛሬም ይናፍቀኛል።

ሰዓት አልነበራቸውም። ኮላውን የሚቆጣጠሩት በአንድ ተረት ነበር። አንድ ሸማኔ ከደጋ ወደ አባያ ሐይቅ ይወርዳል፤ ይህን ሲሉ ብሩሹ ጣሳው ውስጥ ይገባል። ከተራራው እስከ ሐይቁ ያለውን መንገድ በአንድ ትንፋሽ ነበር የሚጨርሱት፤ ትኩስ ኮላ ነፋስ ሲነካው ይረጋልና ሸማኔው እንቅፋት እንኳ ሊመታው ጊዜ የለውም። ሐይቁ ዳር አዞ ብቅ ሲል ጠርዙ ይለጠፋል። «ጥብጣብ አምጣ» ይሉኛል፣ አማርኛን ከተማ ከገቡ በኋላ የተማሩ ናቸውና ሴትነቴ ትዝ የሚላቸው ቆይቶ ነው፤ እኔ አቀብላለሁ፣ እሳቸው አንገቱን ዙሪያውን እየጠመጠሙ ያጠብቁታል።

ከዚያ ተረቱ ይዘገያል። አዞው ልበላህ ይላል፤ ሸማኔው ደግሞ «ጌታዬ፣ እንደ እርስዎ ያለ ትልቅ ሰው ያለ ጋቢ ውሃ ውስጥ ያድራል እንዴ? መጀመሪያ ጋቢ ልሥራልዎ» ይለዋል። ከአፍንጫው እስከ ጭራው ይለካዋል፤ ሸምኖ ሲጨርስ አዞው አድጎ ጋቢው ያጥረዋል፤ እንደገና ይለካል፣ እንደገና ይሸምናል። አያቴ በዚህ ጊዜ አይቸኩሉም። የመወርወሪያውን ድምፅ በምላሳቸው እያሰሙ ፋኖሱን ጠጋ አድርገው በጠርዙ ሥር የሚያብለጨልጨውን የኮላ መስመር ያያሉ። መስመሩ ማብለጭለጩን ሲተው አዞው ጋቢውን ለብሶ እንቅልፍ ይወስደዋል፤ ያኔ መሮው ይነሣል፣ ሸማኔው ኮቴውን አጥፍቶ ከአዞው አፍ ሥር ዕቃውን ሲለቃቅም አያቴም ኮላውን ከቦዮቹ አፍ ይለቅማሉ። ሸማኔው ተራራው ላይ ሲወጣ ሥራው አልቋል።

አንድ ጊዜ ትምህርት ቤት ተረት አውሪ ተባልኩና ይህንኑ አወራሁ፤ መጀመሪያውን በአንድ ትንፋሽ፣ መሃሉን ልጆቹ እስኪያዛጉ። መምህሬ «መጀመሪያ ላይ ማን እያባረረሽ ነው?» አለችኝና ክፍሉ ሳቀብኝ። ኮላ ነው ብል ማን ይረዳኛል።

ኋላ አያቴ መርሳት ጀመሩ። መጀመሪያ የሰው ስም፣ ቀጥሎ መላጊያውን ያስቀመጡበት ቦታ። አንድ ከሰዓት ጣሳውን ከሰል ላይ እንደ ጣዱ ወደ ገበያ ሄዱ፤ ድስቱ ውሃውን ጨርሶ፣ ኮላው አርሮ፣ ክፍሉ በጭስ ታፍኖ እናቴ ደረሰች። እሳቱ ፍቅፋቂውን ሳይነካ መድረሷ የእግዜር ሥራ ነው። አልጮኸችም። «አባባ፣ የመምህሩን ጊታር ይጨርሱ» አለች፤ ከላይኛው ከተማ ከሴቻ አንድ መምህር ያመጡት ጊታር ተጀምሮ ነበር። «እሱም ከተበላሸ ክፍሉን እዘጋለሁ። እርስዎን ከማጣ እሱን ብዘጋ ይሻለኛል።» አያቴ መዳፋቸውን ገልብጠው ማየት ጀመሩ። እኔ በጣም ፈራሁ። በሰፈራችን ሥራ ተከልክለው በረንዳ ላይ የሚውሉ ሽማግሌዎች አይቼ ነበር፤ አንዳቸውም ብዙ አልቆዩም።

የመምህሩ ጊታር የወይራ ጣውላ ተበጅቶለት፣ ቦዮቹ ተቀድደው ጠርዝ ብቻ ቀርቶት ነበር። በማግስቱ ምሽት መብራት ጠፍቶ፣ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ የከሰሉን ፍም እያፋመው ኮላው ሞቀ። «ከደጋ አንድ ሸማኔ ተነሣ» አሉ፤ እጃቸው እንደ ወትሮው ፈጠነ። ብሩሹ ሄደ፣ ጠርዙ ተቀመጠ፣ አዞው ብቅ አለ፣ ጥብጣቡ ተጠመጠመ። ሸማኔው ለካ፣ ሸመነ፣ እንደገና ለካ። ከዚያ አያቴ ዝም አሉ።

መጀመሪያ ትንፋሽ የሚወስዱ መሰለኝ። ቀና ብዬ ሳይ ዓይናቸው ፋኖሱ ላይ ተተክሏል፤ መሮውን የያዘው እጃቸው አየር ላይ ቆሟል። «ሸማኔው...» አሉ። «ሸማኔው የት ሄደ?» የሚጠይቁት እኔን አልነበረም። ያኔ ፊታቸው ላይ ያየሁትን ፍርሃት ከዚያ በፊት በትልቅ ሰው ላይ አይቼ አላውቅም። ከጠርዙ ሥር የወጣው ኮላ በአንደኛው ጫፍ መደብዘዝ ጀምሯል። እናቴን ልጠራ አፌን ከፈትኩ፤ ብጠራት ግን ክፍሉ እንደሚዘጋ አውቃለሁ።

«ጋቢው አጠረው» አልኩ። «አዞው አደገበት። ሸማኔውም እንደገና ለካው።» የመወርወሪያውን ድምፅ እንደ እሳቸው በምላሴ አሰማሁ። አያቴ ወደ እኔ ዞሩ። ደግሜ ሳሰማው ትከሻቸው ቀስ ብሎ ወረደ፣ ትንፋሻቸውም ተመለሰ። ፋኖሱን ወደ ጠርዙ አስጠግቼ ሸመንኩ፤ መስመሩ ማብለጭለጩን እስኪተው ሸመንኩ። ተረት መናገር ከመስማት እንደሚከብድ የገባኝ ያኔ ነው፤ የሚሰማ ሰው ዓይኑን ሊጨፍን ይችላል፣ የሚናገረው ግን ኮላውን ማየት አለበት። «አዞውን እንቅልፍ ወሰደው» ስል እጃቸው ወረደ። መሮው ከቦይ ወደ ቦይ ሄደ፣ ኮላውም ሳይበጠስ ተገፎ ተነሣ። እጃቸው ምንም የረሳው ነገር አልነበረም።

ሸማኔውን ተራራው ላይ አድርሼ ዞር ስል እናቴ በሩ ላይ ቆማለች። መቼ እንደ መጣች አላውቅም፤ ነጠላዋን አሁን ዓይኗ ላይ ይዛዋለች። በማግስቱ ጥብጣቡን ስንፈታ ጠርዙ ተይዟል፣ ቦዮቹም ንጹሕ ነበሩ። ክፍሉ አልተዘጋም። እናቴ ሕግ አወጣች፦ ኮላ የሚጣደው እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ብቻ ነው።

እንዲህ እያልን ዓመታት ሠራን፤ እኔ እናገራለሁ፣ እሳቸው ይሠራሉ። በመጨረሻ እጃቸውም ደከመና ጊታሩ ቀረ። ተረቱ ግን አልቀረም፤ ኮላው ስለሌለ እንዲያውም ሸማኔው በመንገዱ ላይ ማረፍ፣ ውሃ መጠጣት፣ ከሰው ጋር ሰላምታ መለዋወጥ ጀመረ። አያቴ በየምሽቱ እንደ አዲስ ይሰሙኝ ነበር፤ አዞው «ጌታዬ» ሲባል ሁልጊዜ ይስቁ ነበር። አሁን ሴቻ በምሠራበት ቢሮ መስኮት አባያ ይታየኛል፣ ሐይቁን ባየሁ ቁጥርም የሚመጣብኝ አንድ ምሽት ነው። ተረቱን ጨርሼ ጋቢያቸውን ሳስተካክልላቸው እጄን ያዙኝና እንግዳ ሰው እንደሚያዩ ሁሉ አዩኝ።

«ይሄን ማን ነው የነገረሽ?»

«አያቴ ናቸው።»

እጄን አልለቀቁም። «ሰውየው ይወድሽ ነበር» አሉ።