ማኅተም ያጣው ደብዳቤ

የማኅተም ቀለም ሽታ ዛሬም ጥርሴን ያስነክሰኛል። ቢሮ ውስጥ አንዱ የስታምፑን ክዳን ሲከፍት፣ አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር በነበረው ትምህርት ቤታችን በረንዳ ላይ እንደገና እቆማለሁ። ከታች አባያ ሐይቅ በፀሐይ ቀልቶ ተኝቷል፤ እኔ ፎርሜን በፕላስቲክ ጠቅልዬ የርዕሰ መምህሩን በር አያለሁ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። አዲስ አበባ ያለ፣ ተማሪውን በወንፊት ነፍቶ የሚቀበል አንድ የግል ዩኒቨርሲቲ የሚሰጠውን ፈተና አልፌአለሁ። ክፍያው ግን ለገረሴ ገበሬ ልጅ የሚቀመስ አልነበረም። ነፃ የትምህርት ዕድሉን ለማግኘት የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቤተሰቤ መክፈል እንደማይችል የሚገልጽ፣ ርዕሰ መምህሩ ፈርሞ ማኅተም ያሳረፈበት ደብዳቤ።

"ነገ ነይ" አለኝ፣ ቀና እንኳ ሳይል።

በነጋታው ሄድኩ። "ነገ።" በሦስተኛው ሳምንት እናቴ ቅቤ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ከገረሴ ደጋ በአይሱዙ ወረደች። የቆላው ሙቀት ቅቤውን አቅልጦት እስከ ክርኗ ይወርድ ነበር። አማርኛዋ ትንሽ ስለሆነ "ጌታዬ፣ ልጄን እርዳኝ" ብቻ ብላ በሁለት እጇ ዘረጋችለት። ተቀበላት። "ነገ ትምጣ" አላት።

ያ ነገ የመጣው የማመልከቻው ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው። ከየትምህርት ቤቱ የሚወሰደው አንድ ተማሪ ብቻ ነበር። የሄደችው የርዕሰ መምህሩ የእህት ልጅ ናት። ደብዳቤዋን በአንድ ቀን እንደጨረሰላት እየሳቀች የነገረችኝ ራሷ ናት፤ የእኔን ነገር አታውቅም ነበር።

አላለቀስኩም። ቂም እንደ ቆጮ ነው፤ ጉድጓድ ውስጥ በቆየ ቁጥር ይብላላል። እዚያው አርባ ምንጭ ተምሬ ጨረስኩና ሥራ የፈለግኩት አዲስ አበባ፣ ያኔ ባመለጠኝ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዓመታት ቢፈጅም የነፃ ትምህርት ማመልከቻ የሚቀበለው ክፍል ኃላፊ ሆንኩ። በየዓመቱ ከጋሞ የሚመጡትን ፋይሎች ስከፍት መጀመሪያ የማየው የአባት ስም ነበር።

አምና የርዕሰ መምህሩ ስም መጣ። የሴት ልጁ ማመልከቻ ነው። እሱ ጡረታ ወጥቷል፤ እሷ ደግሞ አንድ ማስረጃ ጎድሏታል። በእኔ ፊርማ ሁለት ቀን ማራዘም ይቻል ነበር። ያንን ሊለምን ራሱ ከአርባ ምንጭ መጣ። ባርኔጣውን አውልቆ የቢሮዬ በር ላይ ቆመ።

"እህቴ፣ የቀበሌው ሠራተኛ ታሞ ነው የዘገየብን። ሁለት ቀን ብቻ ቢሰጡን..."

አላወቀኝም። ከሁሉ ይበልጥ ያቃጠለኝ ይሄ ነው።

"ነገ ይምጡ" አልኩት፣ ቀና ሳልል።

መጣ። "ነገ።" በሦስተኛው ቀን ማመልከቻው መዘጋቱን ነገርኩት። የማን ልጅ እንደሆንኩም ነገርኩት፤ የቅቤውንም፣ የበረንዳውንም። ባርኔጣውን መልሶ ደፋ።

"ያኔ ብዙ ሰው ነበር የሚመጣው" አለና ወጣ።

እውነቱን ለመናገር፣ ደስ አለኝ። ያን ቀን ምሳዬ ጣፈጠኝ።

እሑድ ለእናቴ ደወልኩ። ገረሴ ይዘንብ ነበር፤ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ በስልኩ ይሰማኛል። ሁሉንም በጋሞኛ፣ እንደ ሠርግ ወሬ አንድ በአንድ አወራሁላት። ስጨርስ "እሰይ" እንድትለኝ ጠበቅኩ።

"ልጅቷስ?" አለችኝ።

"የቷ ልጅ?"

"የሱ ልጅ። አሁን የት ትማራለች?"

አላውቅም ነበር። ስለ ራሷ የጻፈችውን ገጽ እንኳ አላነበብኩትም፤ የአባቷን ስም አይቼ ነው ፋይሉን የዘጋሁት። "አላውቅም" አልኳት።

እናቴ ደግማ አልጠየቀችኝም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "በልተሻል ግን ዛሬ?" አለችኝ።