የአሳላፊው ይገዙ ቅምሻ

«አንቺ የወይን ሐረግ፣ ከማን ደጅ በቀልሽ…» እያሉ አቶ ይገዙ ያንጎራጉራሉ፤ ቀጣዩ ስንኝ ጠፍቷቸዋል።

ከጣሊያን ወረራ በፊት በአንድ ባላባት ቤት ጠጅ አሳላፊ ነበሩ። አሁን ኮልፌ ላለ ጣሊያናዊ ወይን ነጋዴ ያሳልፋሉ። ወንድማቸው ጥሩሰው ዱር ገብቶ ጠላትን ስለሚዋጋ፣ እሱ ሳይመለስ የጠላትን መጠጥ ላይቀምሱ ምለዋል።

ዛሬ ነጋዴው ከአገሩ ከቶስካና ያስመጣውን ቀይና ነጭ ወይን ለመኮንኖች አቀረበ። ይገዙ ቀዩን ሊቀዱ ሲሉ እጃቸው የለመደውን አደረገ፤ መርዝ እንደሌለበት ለማሳየት መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ፉት አሉ። ነጩንም እንዲሁ። መኮንኖቹ ተሳሳቁና ያለ ስጋት ጠጡ። ይገዙ መሐላቸው ትዝ ያላቸው ይኼኔ ነው።

ማታ ለሚስታቸው ለጽጌማርያም ነገሯት።

«ወይ አሳላፊ! ጥሩሰውን ለሚያሳድዱት ዋስ ሆነው መጡ?»

«ልማድ ነው፣ ጽጌ። ቀዩስ እንደ ጌሾ መረረኝ።»

«ነጩስ?»

አንገታቸውን ደፉ። «ጣፈጠኝ። የሚቆጨኝ እሱ ነው።»

«ጥሩሰው ሲመጣ ምን ልበለው?»

«እኔው እነግረዋለሁ። ነጩንም ጨምሬ።»

«እንግዲያው ይቀመጡ፤ ሽሮው በረደ።»

ይገዙ እንደ እንግዳ በር ላይ ጥቂት ቆሙ፤ ከዚያ መደቡ ላይ ተቀምጠው በሉ።