ውሻዬ አላስጠጋም ያላቸው ሰዎች

ይህ የደረሰብኝ ከዛሬ አስር ዓመት በፊት ገደማ፣ ደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው ገሳይ አስተማሪ ሳለሁ፣ ክረምቱ ወጥቶ ብርዱ በገባበት ሰሞን ነው። ረዳት አጥቶ መቸገርን ብዙ ሰው ያውቀዋል። እኔ ግን ረዳት መጥቶ ፊቴ ቆሞ ሳለ እንዳይደርስልኝ የከለከለው የሚወደኝ ውሻ ነበር። ለዚህ ነው እስካሁን ከአእምሮዬ ያልወጣው።

ያደግኩት አዋሽ ዳር፣ ሞቃት አገር ነው። ገሳይ ስመደብ ዘመድም ጓደኛም አልነበረኝም። የአከራዬ ውሻ ወልዳ ኖሮ ከቡችሎቹ አንዱን ሰጡኝ። መልኩ ቡላ ስለሆነ ስሙንም ቡላ አልኩት። አድጎ ደረቱ የሰፋ፣ ከእኔ በቀር ሰው የማይለምድ ውሻ ሆነ።

እሑድ እሑድ ይዤው ወደ ጉና ተራራ ግርጌ እወጣ ነበር። መጀመሪያ ባሕር ዛፉን እናልፋለን፤ ቀጥሎ ውሃ ያዘለው የሣር መስክ፣ ጨፌው አለ፤ ከጨፌው ወዲያ አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ይጀምራል። አስታው ውስጥ ስንገባ ቡላ ቆቅ እያስነሳ ይሮጣል፤ እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አገሩን አያለሁ። መንገድ ላይ የሚያገኘኝ ገበሬ ሁሉ "መምህር፣ ምን ጠፋብህ?" ይለኛል። ምንም እንዳልጠፋብኝ፣ እንዲያው ለመንሸራሸር እንደወጣሁ ስነግረው ያዝንልኛል።

የዚያን ቀን ከአስታው ስንመለስ ከጉና ላይ ጉም ወረደ። ዝናቡ ሳይደርስብኝ ልግባ ብዬ ሁልጊዜ የምዞርበትን መንገድ ትቼ ጨፌውን በመሀል አቋረጥኩ። ላዩ ለምለም ሣር ነው፤ ሲያዩት ያምራል። እግሬን ሲያዳልጠኝ ወደ ጎን ዘለልኩ፤ የዘለልኩበት ባሰ። "ከድጡ ወደ ማጡ" የሚለውን ተረት ለተማሪ ስንት ጊዜ አስረድቻለሁ። ማጥ ምን እንደሆነ የገባኝ ግን ያን ቀን ነው። አንዱን እግሬን ለማውጣት ስታገል ሌላው ሰመጠ። ጥቂት ቆይቶ እስከ ወገቤ ገብቼ ነበር።

አጠገቤ ያለውን የእንግጫ ሣር ብይዘው ከነሥሩ ተነቅሎ መጣ። ስልኬ ከነኪሴ ጭቃ ውስጥ ነው። ከሥር ያለው ውሃ አጥንት ይሰብራል። ቡላ አጠገቤ ጠንከር ያለ የሣር ጉብታ አገኘና እሱ ላይ ሆነ። ፊቴን ይልሳል፣ ይነሣል፣ ያላዝናል፣ ተመልሶ ይተኛል። እኔ "የሰው ያለህ!" እያልኩ እጮሃለሁ።

ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሰዎች ሰሙኝ። መጀመሪያ የደረሱት አያ ታረቀኝ የሚባሉ ሽማግሌና ባለቤታቸው እማማ ጠጄ ናቸው። ሁለቱንም የማውቃቸው በመንገድ ሰላምታ ብቻ ነበር።

"አይዞህ ልጄ፣ አትወራጭ! በተወራጨህ ቁጥር ይውጥሃል!" አሉ አያ ታረቀኝ። ዱላቸውን ወደ እኔ ዘርግተው ጉብታ ጉብታውን እየረገጡ መጡ።

ቡላ ዱላውን አየ። ከተኛበት ተወርውሮ ባታቸውን ያዘ።

"ቡላ! ተው! ተው!" ብዬ ጮህኩ። ስጮህ የተጠቃሁ መሰለው መሰለኝ፣ ጭራሽ ባሰበት። አያ ታረቀኝ በዱላቸው እየተከላከሉ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ደሙ በእግራቸው ሲወርድ ካለሁበት ይታየኛል። እማማ ጠጄ የነጠላቸውን ጫፍ ቀደው አሰሩላቸው። ቡላ ተመልሶ መጣና ጥርሱን እያሳየ ከፊቴ ቆመ።

ሌሎችም ሰዎች ደረሱ። በወዲያ በኩል ሲመጡ ወደዚያ ይዞራል፤ በወዲህ ሲመጡ ይመለሳል። እሱ ቀላል ስለሆነ ሣሩ ይሸከመዋል። ድንጋይ ወረወሩበት። አንዱ ጎኑን አገኘው፤ ጮኸ እንጂ አልሄደም። ከሰንበቴ የያዙትን ዳቦ ቢጥሉለት ዞር ብሎም አላየው። ይህ ሁሉ ሲሆን እኔ እስከ ደረቴ እየገባሁ ነው።

ከመካከላቸው ጠመንጃ ያነገተ ጎልማሳ ወደ ፊት ወጣና "መምህር፣ ስማኝ። ሰው እየሞተ ለውሻ አይታዘንም። ልምታው?" አለኝ።

ሁሉም የእኔን መልስ ይጠብቃሉ። መንጋጋዬ በብርድ ይንቀጠቀጣል። አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ አልወጣም። ቡላ አገጩን ክንዴ ላይ አሳርፎ ሰዎቹን ያያል። ሰውየው ዝምታዬን እንደ እሺታ ቆጠረውና ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ።

"ተው አንተ!" አሉ አያ ታረቀኝ ከተቀመጡበት። "የተነከስኩት እኔ ነኝ። ይመታ የምል ከሆነ የምለው እኔ ነኝ። ጌታውን በጠበቀ ምን አጠፋ? ደግሞ እሱን ብትስት የምታገኘው ልጁን ነው።"

ወደ እኔ ዞሩና "ልጄ፣ መጫኛ እንጥልልሃለን። መጀመሪያ ውሻህን እሰርበት" አሉኝ።

አንድ ሰው ከበቅሎው ላይ መጫኛውን ፈታ። ሲወረውሩት አጠገቤ ወደቀ። ጣቶቼ አልታዘዝ ስላሉኝ በጥርሴ እያገዝኩ ነው የቋጠርኩት። አንገቱ ላይ ሳስገባለት ቡላ ዝም አለኝ፤ ያሰርኩት እኔ ነኛ። ከዚያ ጎተቱት። አራት እግሩን ሣሩ ላይ ተክሎ፣ ታንቆ፣ ዓይኑን ከእኔ ሳይነቅል ሄደ። ከውሻ እንደዚያ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። ጨፌው ዳር የአስታ ግንድ ላይ አሰሩት።

መጫኛው እሱ ላይ ቀረ፤ ለእኔ ሌላ ገመድ አልነበረም። እማማ ጠጄ ሳያመነቱ መቀነታቸውን ፈቱ። ሌሎቹ ሴቶችም ፈቱ። መቀነቱን ከጋቢ ጋር ገምደው ቋጠሩት። ወንዶቹ ቅርንጫፍ ቆርጠው ማጡ ላይ አነጠፉና በደረታቸው እየተሳቡ መጥተው በብብቴ ሥር አሳለፉልኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን አሳምሬ አላስታውስም። ማጡ ጫማዬን አስቀርቶ እኔን ለቀቀኝ።

እነ አያ ታረቀኝ ቤት ወሰዱኝ። ደረቅ ልብስ አለበሱኝ፤ እማማ ጠጄ ትኩስ አጥሚት አጠጡኝ። ሁሉም ነገር ያለቀ መስሎኝ ነበር። እሳት ዳር ተቀምጠን አያ ታረቀኝ ቁስላቸውን ሲያጥቡ ግን ባለ ጠመንጃው "ውሻው ተከትቧል?" ሲል ጠየቀ።

አልተከተበም። በዚያ ሰሞን ገሳይ ውስጥ ውሻ የሚከትብ ሰው አልነበረም።

በማግስቱ አያ ታረቀኝን ይዤ በሚኒባስ ደብረ ታቦር ወረድኩ። ያየን የጤና ባለሙያ ቁስሉን በደንብ አጠበና የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያው መርፌ እንዳለቀ ነገረን። ሲመጣ ትጠራላችሁ፤ እስከዚያው ውሻውን አስራችሁ አስር ቀን ጠብቁ፤ ጠባዩ ከተለወጠ ሮጣችሁ ኑ አለን። ይዘን የተመለስነው ይህንኑ ቃል ብቻ ነው።

የሚቀጥሉት ቀናት ከማጡ ይብሱ ነበር። ማጡ ውስጥ መጮህ እንኳ እችል ነበር። ጠዋት ስነሣ ለቡላ ውሃ አቀርብለታለሁ። ያበደ ውሻ ውሃ አይጠጣም ይባላልና፣ ምላሱን ውሃው ላይ እስኪያሳርፍ ነፍሴ አትመለስም። ከዚያ በቀጥታ ወደ አያ ታረቀኝ ቤት እሄዳለሁ።

"ጠጣ?" ይሉኛል ገና ከሩቅ ሲያዩኝ።

"ጠጣ፣ አያ።"

"እንግዲያው እኔም ልጠጣ!" ብለው ጠላቸውን ያነሣሉ። ይስቃሉም። እማማ ጠጄ ግን አይስቁም። በር ላይ ቆመው ፊቴን ያያሉ። ምን ልበላቸው? በእጄ ምንም የለም። የምችለው ነገ ደግሞ ውሃ ማቅረብ ብቻ ነው።

ቡላ አላበደም። ጠብቁ የተባልነው ጊዜ ባለቀ ማግስት ባልና ሚስቱ እቤቴ ድረስ መጡ። አያ ታረቀኝ እያነከሱ ወደ ግቢው ገብተው ከውሻው ፊት ለፊት ቆሙ። ቡላ እንደ ልማዱ አጉረመረመባቸው።

"አየሽ! ይኸው ጤነኛ ነው፤ እንደጠላኝ ነው" አሉና ተደሰቱ።

እማማ ጠጄ ደጃፌ ላይ ቁጭ አሉ። ያን ሁሉ ቀን ክፉ ቃል ያልተናገሩ ሴት ያን ጊዜ ተቆጡኝ። "ሁለተኛ ብቻህን እዚያ እንዳትሄድ! እናት አጠገብህ የለች፣ ሚስት የለህ፤ አልመጣም ብሎ ማን ይፈልግሃል?" አሉኝ። ተቆጥተው ሲጨርሱ በነጠላቸው ዓይናቸውን ጠረጉ።

አሁን የምኖረው ሌላ ከተማ ነው። ቡላ አርጅቶ ሞቷል። ይህን ታሪክ ስናገር ሰዎች "ልምታው ሲልህ ምን ልትመልስለት ነበር?" ይሉኛል። አላውቅም። ድምፄን የነሣኝ ብርዱ ይሁን ሌላ፣ ስንት ጊዜ ባስበው አልለይልኝ ብሏል። የማውቀው፣ እኔ መመለስ ሲያቅተኝ እግራቸው እየደማ የመለሱልኝ ሰው እንደነበሩ ነው። ስጸልይ ስማቸውን እጠራለሁ።